ገዳዩን የደበቀው ችኮላ ነው፦ «ለሕፃን ገዳይ ጠበቃ ለምን?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ለሕፃን ገዳይ ጠበቃ ለምን?» የሚለውን ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይቼ ደጋግሜ አነበብኩት። የጸሐፊው ንዴት ይገባኛል። በነሐሴ 2016 የባሕር ዳሯ የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ አደባባይ ሲወጣ፣ ጥፋተኛ የተባለው ሰው 25 ዓመት ብቻ እንደተፈረደበት፣ ይባስ ብሎም ይግባኝ እንዳለ ስንሰማ አንጀታችን ያላረረ ማን ነበር? የእኔም አርሯል። ጽሑፉ የተወለደው ከዚያ ቁጣ ነው። በቁጣው ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ጸሐፊው በምሳሌነት ባመጡት ጉዳይና ከእሱ ባወጡት መደምደሚያ ላይ ነው። ያላነበባችሁት ካላችሁ ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው። ሌስሊ ሞልሲድ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ በ1975 በሰሜን እንግሊዝ ተገደለች። ገዳይዋ ሮናልድ ካስትሪ ጥፋተኛ የተባለው በ2007 ነው። (የእንግሊዙን ጉዳይ ሳወራ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ገዳዩ 32 ዓመት ሙሉ እንደ ልቡ የኖረው ሕጉ ለወንጀለኛ ስለሚያዝን ነው። ከዚያ ወደ እኛ አገር ይመጣሉ። ሕፃን ገድሎ ላመነ ሰው ረጅም ችሎት አያስፈልግም፣ ጠበቃ አይገባውም፣ ይግባኝ ይከልከል፣ ሞት ቶሎ ይፈጸም ይላሉ።

በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ዓረፍተ ነገር ተሸጉጣለች። «ቀደም ሲል በስህተት ታስሮ የነበረ ሌላ ሰው ተለቆ ካሳ ተሰጥቶታል» ትላለች። አለቀ። የሰውየው ስም እንኳ አልተጠራም። ስሙ ስቴፋን ኪዝኮ ነው። የሌስሊን ጉዳይ ያለ እሱ መናገር አይቻልም። ምክንያቱም ካስትሪ 30 ዓመት የተደበቀው በኪዝኮ ጀርባ ነው። ጽሑፉን ነጥብ በነጥብ ስመልስ የምመለሰው ወደዚህ ሰው ነው።

«ሕጉ ስለተንቀራፈፈ ገዳዩ 32 ዓመት በነፃነት ኖረ»

ቀኖቹን እንያቸው። ሌስሊ ኦክቶበር 5 ቀን 1975፣ እሑድ ዕለት፣ እናቷ ዳቦ ግዢልኝ ብላ ወደ ሰፈር ሱቅ ላከቻት። ሮችዴል በምትባል ከተማ ነው። ሌስሊ ልቧን የሚያማት፣ ከዕድሜዋ ያነሰች ደቃቃ ልጅ ነበረች። ከሱቅ አልተመለሰችም። ከሦስት ቀን በኋላ አስከሬኗ ከከተማው ራቅ ብሎ ጭው ካለ ደጋማ ሜዳ ላይ ተገኘ። 12 ቦታ በስለት ተወግታ ነበር።

ፖሊስ ኪዝኮን የያዘው ዲሴምበር 21 ነው። ዲሴምበር 24 ቀን በግድያ ተከሰሰ። ችሎቱ በሊድስ ከተማ በጁላይ 1976 መጀመሪያ ላይ ተከፈተ። ጁላይ 21 ቀን የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ክርክሩ የፈጀው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ልጅቷ ከሞተችበት እስከ ፍርዱ ያለው ጊዜ ሲደመር አሥር ወር አይሞላም። መንቀራፈፉ የቱ ጋ ነው?

ይልቅ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ካስትሪ በዚያው በ1976፣ እዚያው ሮችዴል ውስጥ፣ በአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ጾታዊ ጥቃት ፈጽሞ ተይዞ ነበር። ፍርድ ቤት ቀረበ። ቅጣቱ 25 ፓውንድ ሆነ። ሃያ አምስት ፓውንድ ከፍሎ ቤቱ ገባ! ጸሐፊው ሕጉ ለወንጀለኛ አዘነ ብለው በዚህ ቢቆጡ አብሬያቸው እጮህ ነበር። ግን ይህን አልጠቀሱትም። በዚያ ጊዜ ይህንን ሰው ከሌስሊ ጉዳይ ጋር ያገናኘው የለም። ፖሊስ «ገዳይ» በእጁ ነበረዋ። ፋይሉ ተዘግቷል። ኪዝኮ ላይ የተጣደፈው ሕግ ለካስትሪ ከለላ ሆነለት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው ይኸው ነው፤ ለመልቀም 30 ዓመት ፈጀ እንጂ።

«በአፉ ካመነ ምን ቀረ?»

ይህ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ኪዝኮ አምኗል። ሌስሊን ገደልኩ ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። በጸሐፊው ሚዛን ነገሩ እዚያው ያልቃል። እንዴት እንዳመነ ግን እንይ።

ያኔ 23 ዓመቱ ነው። የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አባቱ ዩክሬናዊ፣ እናቱ ስሎቬናዊት፤ የስደተኛ ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ከእናቱና ከአክስቱ ጋር ይኖራል። ትልቅ ሰውነት፣ የልጅ ጠባይ። ሰውነቱ የወንድ ሆርሞን በበቂ ስለማያመነጭ ሐኪም መርፌ ያዝለት ነበር። ጓደኛ አልነበረውም። ሌላም ልማድ ነበረው፦ መንገድ ላይ ያናደደው ሹፌር ካለ የመኪናውን ታርጋ ይጽፋል። መርማሪዎቹ እነዚህን ታርጋዎች ሲያገኙ አንዱ በወንጀሉ አካባቢ ታየ ከተባለ መኪና ጋር ገጠመ። ይህም እንደ ማስረጃ ተቆጠረበት።

ሲመረምሩት አጠገቡ ጠበቃ አልነበረም። እናቴ ትምጣልኝ ብሎ ለመነ። አልፈቀዱለትም። የገና ሰሞን ነው። ቀን ከቀን ያው ጥያቄ፣ ያው ግፊት። በሦስተኛው ቀን ውሸት መናገር ጀመረ። እሱ በኋላ እንዳስረዳው፣ ውሸቱን ሲነግራቸው ደስ እያላቸው መጣ፣ ጫናውም ረገበለት። ያልኩትን ሄደው ሲያጣሩት ውሸት መሆኑን ያውቁና ይለቁኛል ብሎ አሰበ። የተገደለች ልጅ ጉዳይ ላይ «ገደልኩ» ማለት ወደ ቤት የሚያስገባው መስሎታል። እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው በዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠው።

ጠበቃ ካገኘ በኋላ ቃሉን ወዲያው ሻረ። የሰማው የለም። ያን እሑድ ከአክስቱ ጋር የአባቱን መቃብር ሊያጸዳ ሄዶ እንደነበር ተናገረ። አክስቱም መሰከረችለት። እሷንም ያመናት የለም።

ማንም ያልሠራውን ወንጀል ሠራሁ አይልም ይላሉ ጸሐፊው። ይላል እንጂ። የደከመ፣ የፈራ፣ አእምሮው እንደ ልጅ የሆነ፣ ወይም የተደበደበ ሰው ይላል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም የሚለው ለጌጥ አይደለም። እኛ ጣቢያ ውስጥ በዱላ የሚወጣ ቃል ምን እንደሚመስል ከእንግሊዞቹ የበለጠ እናውቃለን። በደርግም አይተነዋል፣ ከደርግም በኋላ አይተነዋል። ታዲያ የሕፃን ገዳይ ሲባል ያ ሁሉ እውቀት ለምን ይጠፋብናል?

የእምነት ቃል ዋጋ የሚኖረው ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲገጥም ነው። ሰውየው ያለውን ሄዶ ማጣራት የፖሊስ ሥራ ነው። ኪዝኮ የጠበቀውም ይህንኑ ነበር። እሱ ያመነውን ያህል ፖሊሶቹ ሥራቸውን ቢያምኑበት ኖሮ በገና ዋዜማ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር፣ ፍለጋውም ይቀጥል ነበር።

«ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ልጆች አይዋሹም»

ጸሐፊው እንዲህ ዓይነት ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቃል ይላሉ። ጎረቤት ቀድሞ ይጠረጥረዋል፣ ልጆች ይሸሹታል።

ኪዝኮን ሰፈሩ ጠርጥሮት ነበር። ብቸኛ፣ ግዙፍ፣ ከእናቱ ያልተለየ፣ ስሙ የውጭ ሰው። ካስትሪስ? የታክሲ ሹፌር፣ ባለትዳር። በኋላም የልጆች የሥዕል መጽሔት ነጋዴ ሆነ። የፊት ነገር ከሆነ ፊት የታየው ንጹሑ ላይ ነው። እውነተኛውን ማንም አላየውም።

ስለ ልጆቹ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ፖሊስ ኪዝኮ ጋ የደረሰው ሦስት ልጃገረዶች «ራቁቱን አሳየን» ብለው ስለከሰሱት ነው። ዳኛው በችሎት ሐቀኝነታቸውንና ድፍረታቸውን አወደሱ። ከዓመታት በኋላ፣ አድገው ራሳቸው ሴቶች ሲሆኑ፣ ለቀልድ ብለው እንደዋሹ አመኑ። እንደዚህ ዓይነት ነገር አልፎ አልፎ ይከሰታል። ግን ከዚህ ተነስቶ «ልጅ ሲናገር አትመኑት» የሚል ካለ ደግሞ ከእሱ ጋር እጣላለሁ። እኛ አገር ችግራችን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ልጅ ትናገራለች፣ ቤተሰብ ዝም በይ ይላታል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገሩ ይዳፈናል። ልጅ ሁሌም መደመጥ አለባት። የተናገረችው ደግሞ በአግባቡ በሠለጠነ ሰው መጣራት አለበት። ማጣራት እሷን መጠራጠር አይደለም። በነገራችን ላይ ካስትሪ ያጠቃት የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ እውነቷን ነበር የተናገረችው። የእሷ ቃል 25 ፓውንድ ነው የተተመነው።

«ለሕፃን ገዳይ የሚቆም ጠበቃ ደሙ ይጠይቀዋል»

ጽሑፉ ከሁሉ በላይ ያስከፋኝ እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ለእንዲህ ያለ ተከሳሽ የሚቆሙ ጠበቆችን የደም ተባባሪ ይሏቸዋል። ሕዝብ ሊያገላቸው ይገባል ይላሉ።

የኪዝኮ ጉዳይ የሚያሳየው ግን ጠበቃ ደከመ ማለት ልጅቷም ተከላካይ አጣች ማለት መሆኑን ነው። በ1976 ለኪዝኮ የቆሙት ዴቪድ ዋዲንግተን ነበሩ። ክርክሩ እርስ በርሱ ይጣላ ነበር። ባንድ በኩል «እሱ እዚያ አልነበረም» ይላሉ። በሌላ በኩል «አድርጎት ከሆነ መርፌው አእምሮውን ነክቶት ነው» ይላሉ። ሁለተኛውን መከራከሪያ ኪዝኮ ፈቅዶ አልነበረም። አልገደልኩም እያለ የሚምል ሰው የራሱ ጠበቃ «ምናልባት ከገደለ» ሲል ሰሚው ምን ያስባል? አሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ሰዎች፣ አሥር ለሁለት ሆነው ጥፋተኛ አሉት።

ከዚያ የሚያንገበግበው ይመጣል። በሌስሊ ልብስ ላይ የወንድ ዘር ፈሳሽ ተገኝቶ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በውስጡ የዘር ሕዋሶች አሉበት። ፖሊስ ከኪዝኮም ናሙና ወስዷል። በእሱ ናሙና ውስጥ ምንም የዘር ሕዋስ አልነበረም። በሕመሙ ምክንያት ሰውነቱ ማምረት አይችልም። በቃ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ኪዝኮ ገዳይ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል። የዲኤንኤ ምርመራ ለወንጀል ማጣሪያ ገና ባልዋለበት በ1975 ማለት ነው። ይህ ውጤት ለተከላካዮቹም ለጁሪውም ሳይነገር ቀረ።

ያንን ወረቀት አምጡ የሚል፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ይታየኝ ብሎ የሚነታረክ፣ ሐኪም አስመጥቶ የሚያስመሰክር አንድ ጠበቃ ቢኖር ኪዝኮ ነፃ ይወጣ ነበር። ፖሊስም ተመልሶ ገዳዩን ለመፈለግ ይገደድ ነበር። ካስትሪ ያኔ የ22 ዓመት ጎረምሳ ነው። የሚኖረው እዚያው አካባቢ ነው። መስካሪ ትዝታው ትኩስ ነው። ጠበቃው ለኪዝኮ ሲሟገት ለሌስሊም ይሟገትላት ነበር ማለት ነው። ለሌሎች ሴት ልጆችም።

በመጨረሻ ይህን የሠራው ካምቤል ማሎን የሚባል ጠበቃ ነው። በሰማንያዎቹ ውስጥ የኪዝኮ እናት ሻርሎት ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ማሎን ጉዳዩን ያዘው። እንደገና ይታይ የሚል ማመልከቻም ቀረበ። የማመልከቻው ተቀባይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር። ሚኒስትሩ ማን መሰላችሁ? ያው የቀድሞ ተከላካዩ ዴቪድ ዋዲንግተን። በ1991 ፖሊስ ፋይሉን እንደገና ሲከፍት የተደበቀው የናሙና ውጤት ወጣ።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት፣ በመረጠው ጠበቃ የመወከል፣ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል። «ከሕፃን ገዳይ በስተቀር» አይልም። ሊልም አይችልም። ምክንያቱም ሰውየው ገዳይ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያ ክርክር ነው። ጸሐፊው ፍርዱን ከክርክሩ በፊት አስቀደሙት።

«ይግባኝ የወላጅን ቁስል ይነካካል»

እውነት ነው፣ ይነካካል። የባሕር ዳሯን እናት የሰማ ሰው ይህን አይክድም። ልጇን የቀበረች እናት የልጇ ገዳይ የተባለው ሰው እንደገና ሊከራከር ነው ሲባል ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም። በዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፉት አንቀጽ ጥሩ ነው፤ አንብቤው ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

ግን የሌስሊን ወላጆች አስቧቸው። በ1975 ልጃቸውን ቀበሩ። በ1976 ፍርድ አገኘን ብለው ሐዘናቸውን ይዘው ተቀመጡ። በ1992 ያ ሁሉ ባዶ ሆነ፤ 16 ዓመት የጠሉት ሰው ንጹሕ ነው ተባሉ። የልጃቸው ገዳይ የት እንዳለ ሳያውቁ ሌላ 14 ዓመት ኖሩ። በ2007 ደግሞ እንደገና ችሎት ተቀመጡ። እነዚህን ሰዎች ያቆሰለው ይግባኝ አይደለም። መጀመሪያ በችኮላ የተሰጣቸው የሐሰት እረፍት ነው።

ኪዝኮ በ1978 ይግባኝ ብሎ ነበር። ዳኞቹ ፍርዱን የሚያስነቅፍ ምንም ምክንያት አላገኘንም ብለው መለሱት። ስለዚህ ይግባኝ ስለኖረ ብቻ እውነት አይወጣም። የሚመረምር ይግባኝ ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 1992 የመረመረ ችሎት ሲገኝ ነገሩ ግልጽ ነበር። ዋና ዳኛው ይህ ሰው ዘር ማምረት እንደማይችል ታይቷል፣ ስለዚህ ገዳዩ ሊሆን አይችልም አሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር። 16 ዓመት የፈጀች።

ለወላጆች መደረግ ያለበት ሌላ ብዙ ነገር አለ። ቀጠሮ ሲኖር በስልክ ይነገራቸው፤ ከሬዲዮ አይስሙት። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ከተከሳሹ ዘመዶች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አይቀመጡ። ዛቻ ሲደርስባቸው ጥበቃ ይመደብላቸው። ቀጠሮው «ዳኛው የሉም» እየተባለ ለወራት አይንከባለል። ይህ ሁሉ የተከሳሹን አንድም መብት ሳይነካ የሚሠራ ነው። ጸሐፊው ግን አንዱንም አልጠየቁም።

«ስህተቱ ታርሟል፣ ካሳ ተከፍሏል»

ስቴፋን ኪዝኮ እስር ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ተደብድቧል። ሕፃን ገዳይ ነው የተባለ እስረኛ በሌሎች እስረኞች እጅ ምን እንደሚደርስበት ለኢትዮጵያ አንባቢም መንገር አያሻም። አእምሮው ታመመ። ኃላፊዎቹ ወንጀሉን ካመነ በአመክሮ ሊለቀቅ እንደሚችል ነገሩት። እምቢ አለ። በ1975 ወደ ቤት ለመግባት ብሎ የዋሸው ሰው አሁን ለመውጣት ሲባል አልዋሽም አለ።

ሲለቀቅ ዕድሜው 40 ሊደፍን ነበር። ያ ሰው ግን ድሮ የገባው ሰው አልነበረም። ዲሴምበር 23 ቀን 1993 ልቡ ቆመ። 41 ዓመቱ ነበር። ያቺን የእምነት ቃል የሰጠበት ቀን 18ኛ ዓመት ነው። እናቱ ሻርሎት ከጥቂት ወራት በኋላ ተከተለችው። ካሳ ተብሎ ከታሰበለት ገንዘብ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ሙሉውን አልተቀበለም። ማስረጃ ደብቀዋል ተብለው አንድ ጡረታ የወጣ የፖሊስ ኃላፊና አንድ የፎረንሲክ ባለሙያ ተከሰው ነበር። በ1995 ፍርድ ቤት ጊዜው ርቋል፣ ፍትሐዊ ችሎት አይሆንም ብሎ ሳይመረመር ዘጋው። «ታርሟል» የሚለውን ቃል ጸሐፊው የት እንዳገኙት አላውቅም።

«ሞት፣ ያውም ቶሎ»

የእኛ የወንጀል ሕግ ለከባድ ግድያ የሞት ቅጣት አለው። በተግባር ተፈጸመ ተብሎ የሚታወቀው የመጨረሻው በ1999 (በአውሮፓውያን 2007) ነው። ጸሐፊው ይህ ይለወጥ፣ ሕፃን የገደለ ከተፈረደበት በወራት ውስጥ ይሙት ይላሉ።

እንግሊዝ በግድያ ሰው መስቀል ያቆመችው በ1965 ነው። ኪዝኮ የተፈረደበት ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ ነው። ሕጉ ባይለወጥ ኖሮ በ1976 ይሰቀል ነበር። ከተሰቀለ በኋላ ያቺ እናት በር ብታንኳኳ ማን ይከፍትላት ነበር? የሞተ ሰው ፋይል ማን ያገላብጣል? ካስትሪ ዛሬም ድረስ ስሙ አይነሳም ነበር።

ግምት ነው የሚለኝ ካለ፣ ግምት ያልሆነ አለ። ቲሞቲ ኢቫንስ የሚባል የለንደን ሰው የገዛ ልጁን፣ አንድ ዓመት ገደማ የሆናትን ጄራልዲንን፣ ገድለሃል ተብሎ በማርች 1950 ተሰቀለ። እሱም ለፖሊስ አምኖ ነበር። ሚስቱም አብራ ተገድላለች። በችሎቱ ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር እዚያው ሕንፃ ውስጥ ምድር ቤት የሚኖር ጆን ክሪስቲ የሚባል ጎረቤት ነበር። ኢቫንስ «ገዳዩ ክሪስቲ ነው» ቢልም ማን ሰምቶት። በ1953 በክሪስቲ ቤት የሴቶች አስከሬን ተገኘ። በግድግዳ ውስጥ፣ በወለል ሥር፣ በግቢው አትክልት ውስጥ። ከእነሱ አራቱ የተገደሉት ኢቫንስ ከተሰቀለ በኋላ ነው። አንዷ የክሪስቲ የራሱ ሚስት ነበረች። ለኢቫንስ በ1966 ይቅርታ ተደረገለት። ተቀብሮ 16 ዓመቱ ነው።

«ቶሎ» የሚለው ቃል ዋጋው ይህ ነው። አራት ሴቶች።

ካስትሪ እንዴት ተያዘ ለሚለው

ጸሐፊው «ዲኤንኤ አጋለጠው» ብለው አልፈውታል። እንዴት እንደሆነ ግን ቢነገር ለእኛ ይጠቅመናል። ከሌስሊ ልብስ የተወሰዱት አብዛኞቹ ማስረጃዎች በ1985 ተወግደዋል። ጉዳዩ ያለቀ ነው ተብሎ። የቀሩት ከልብሱ ላይ ናሙና የተነሳባቸው ማጣበቂያ ፕላስተሮች ነበሩ። በ1999 ሳይንቲስቶች ከእነዚያ ፕላስተሮች የገዳዩን ዲኤንኤ አወጡ። ባለቤቱ ግን አልታወቀም። በ2005 ካስትሪ በሌላ ጥርጣሬ ተያዘና እንደማንኛውም ተጠርጣሪ ናሙና ሰጠ። በዚያ ጉዳይ አልተከሰሰም። ናሙናው ግን ገጠመ። በኖቬምበር 2007 በብራድፎርድ ችሎት ጥፋተኛ ተባለ። ዕድሜ ልክ፣ ቢያንስ 30 ዓመት ሳይታሰር ይለቀቅ ተብሎ የማይታሰብ።

ገዳዩን ያስያዘው ጩኸት አልነበረም። አንድ ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ፕላስተር ነው። የእኛ አገር ጉዳዮች ብዙ ጊዜ የሚበላሹትም እዚህ ላይ ነው። ልብሱ ይታጠባል። ቦታው ይረገጣል። ሕፃኗ ሐኪም ጋ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ እጁ ላይ የሚቀረው የተጠርጣሪው ቃል ብቻ ይሆናል። ቃሉም በኋላ ይሻራል፣ ወይ ክሱ ይወድቃል፣ ወይ ቅጣቱ ይቀላል። የምንናደድባቸው ፍርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚወለዱት።

ጽሑፉ ሲያበቃ ጸሐፊው የፊርማ ማሰባሰቢያ አያይዘዋል። በሕፃናት ግድያ ለተከሰሱ ሰዎች ነፃ ጠበቃና ይግባኝ እንዲቀር የሚጠይቅ ነው። እኔ አልፈርምም። ያነበበኝም እንዳይፈርም እለምናለሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን ቀይረው ቢያመጡት ግን የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ ሕፃን ጥቃት ሲደርስባት በዚያው ቀን ናሙና የሚወስድ የሠለጠነ ሐኪም በየወረዳው ይኑር። ናሙናው ፍርድ ካለቀ በኋላም አይጣል። የፖሊስ ምርመራ ከመጀመሪያዋ ጥያቄ ጀምሮ ይቀረጽ። ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃ ሲያገኝ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ የደበቀ በወንጀል ይጠየቅ። በሕፃን ላይ ለሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት ሽምግልና ይከልከል። የመጀመሪያ ጥቃት ፈጽሞ የተያዘ ሰው ስሙ በመዝገብ ይያዝ፣ በ25 ፓውንድ ወደ ቤቱ አይሸኝ።